ዛሬ የሚጠራ የለም

ማክሰኞ 4

ዝናቡ ገባ። ከአውቶቡስ ስወርድ አንድ እግሬ ኩሬ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ በአንድ እርጥብ ካልሲ ዋልኩ። ይህን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ነው፤ የማስተካክላቸውን ስህተቶች ልመዘግብበት። እህቴ አይታው «እስቲ ሌላውንም ጻፍበት፤ አንተ እንደሆንክ አፍህ ተቆልፏል» አለችኝ። እሺ። ሌላውንም።

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ «ኮምፒዩተር» ብዬ እገላገላለሁ። የዓይን ክሊኒኩን ዌብሳይት የሠራሁትም የምጠብቀውም እኔ ነኝ። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዌብሳይቱ ዳታቤዙን አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፦ ቀጠሯቸው የደረሰ፣ የካርድ ቁጥራቸው ደግሞ ከተዘጉ ፋይሎች ዝርዝር ውስጥ የሌለ ሰዎችን አምጣ። ለወጡት ሁሉ የስልክ መልእክት ይሄዳል። መልእክት ለማያነቡት ካርድ ክፍል የሚሠሩት እትዬ ይደውላሉ። እትዬ ሃያ ስምንት ዓመት በወረቀት መዝገብ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ዓመት ከመንፈቅ ቀርቷቸዋል። ስክሪኑን «ይሄ መስኮትህ» ነው የሚሉት።

ከሚጠሩት አብዛኞቹ የዓይን ግፊት ያለባቸው ናቸው። ይኼ በሽታ አያምም፣ አያቀላም፤ ክፋቱም እሱ ነው። ሰውየው ካልተጠራ ደህና ነኝ ብሎ ይቀራል፣ ጠብታው ያልቅበታል፣ ዓይኑ ከዳር ዳር እየጨለመ ይመጣል። የጨለመው አይመለስም። ዶክተሩ «አንድ ወር ቀልድ አይደለም» የሚለው ለዚህ ነው።

ረቡዕ 5

ሁለት ስልክ ያስመዘገበ ሰው ሁሉ ሁለቴ ይጠራል። የሰዎቹን ሠንጠረዥ ከስልኮቹ ሠንጠረዥ ጋር ሳገናኝ ለእያንዳንዱ ስልክ አንድ ረድፍ ስለሚወጣ ነው። የጀማሪ ስህተት፤ አፈርኩ።

ያወቅነውም በጋሼ ልብስ ሰፊው ነው። ሱቃቸው ከክሊኒኩ ጀርባ ነው። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ተደግፈው፦ «እትዬ፣ ሁለቴ የምትጠሩኝ ሁለት ዓይን ስላለኝ ነው?»

እትዬ እየሳቁ ወደ እኔ ጠቆሙ። «እሱን ይጠይቁት። እኔ በወረቀት ስሠራ ሰው አንድ ነበር።»

ጋሼ የኮቴን እጅጌ ያዝ አድርገው አዩት። «ቁልፍህስ የት ሄደ? አምጣው እንጂ፣ እተክልልሃለሁ።»

ይቺን ቁልፍ የምትተክለው እማዬ ነበረች። እሺ አልኳቸው፤ ግን አልወሰድኩትም። ሁለቴ መጥራቱን በአምስት ደቂቃ አስተካከልኩት።

ሐሙስ 6

በምሳ ሰዓት እህቴ ደወለች። ፎቶ ልትፈልግ ብላ የእማዬን ስልክ ዛሬ ከፍታዋለች። ሲከፈት ስምንት መልእክት ተደራርቦ ገባ። «ውድ ታካሚያችን፣ ቀጠሮዎ ደርሷል፤ እባክዎ አይቅሩ።» ስምንት ጊዜ፣ ቀጠሮዋ ከደረሰ ወዲህ በየጠዋቱ አንድ። የእኔው ዌብሳይት ነው። እማዬ ካረፈች ሁለት ወር ሆኗታል።

እህቴ አላለቀሰችም። «ያንን ነገርህን አንድ በለው» ብቻ አለችኝ።

ፋይሏን መዝጋት የእኔ ፈንታ ነበር። እትዬ ያኔውኑ «እኔ ልዝጋው?» ብለውኝ «ይተዉት፣ እኔ» ብያለሁ። ዛሬ ዘጋሁት። ቅጹ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ምክንያት፣ ቀን፣ የካርድ ቁጥር። ስብሰባ ነበረን፣ ተጣድፌ ነበር። አስቀምጥ አልኩት። ተከናውኗል አለኝ።

ቅዳሜ 8

እህቴ ስልኩን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «እኔ ጋ አይደር።»

ባትሪው አልቆ ነበር፤ ሰካሁት።

«ለምን ትሰካዋለህ?»

«እንዳይበላሽ ነዋ።»

አየችኝና ወደ ኩሽና ሄደች።

ሰኞ 10

ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ዝም አለ። ሦስት ተኩልም ዝም። ተስተካክሏል ማለት ነው። ጥሩ። ጥሩ ነው።

እሑድ 16

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። መስኮቱ ሥር ጋደም ብዬ ግማሽ እንቅልፍ ግማሽ ሐሳብ ሆኜ ዋልኩ።

ዌብሳይቱን የሠራሁ ሰሞን ዳታቤዙ ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። ባዶ ሠንጠረዥ ግራ ያጋባል፤ ይሥራ አይሥራ አይታወቅም። እማዬ ከኋላዬ ቆማ ሽንኩርት እየላጠች «ሰው ከጠፋ እኔ ላይ ሞክር» አለች። «ያምሻል እንዴ?» ብላት «አንተን የወለደ ምን ያመዋል» ብላ ሳቀች። ስሟን አስገባሁ። ካርድ ቁጥር 1። በኋላ እውነትም የዓይን ግፊት ተገኘባትና ቁጥሩ እንደነበረ የእሷ ሆነ። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው አራት ሺህ ሰው ከእሷ በኋላ ነው የገባው።

በአውቶቡስ ውስጥም ሰሞኑን አንድ ዓይነት ሕልም አያለሁ። የክሊኒኩ ኮሪደር ነው፤ ወንበሮቹ በግድግዳው ተደርድረው መጨረሻቸው አይታይም። እማዬ የመጀመሪያው ላይ ካርዷን ይዛ ተቀምጣለች። በሩን ከፍቼ «ቀጣይ» እላለሁ። ማንም አይነሳም። ከዚያ ጣቢያዬ ያልፈኛል፤ ሁለት ፌርማታ በእግሬ እመለሳለሁ።

ረቡዕ 19

የቀጠሮ ገጹ ለመከፈት አርባ ሰከንድ! እትዬ «እኔ ሄጄ መዝገብ ቤት ፈልጌ ስመጣ ገና ይሽከረከራል» አሉ። አራት ሺህ ሰው ውስጥ አንዱን ለማግኘት ዳታቤዙ ከራስጌ እስከ ግርጌ ያነባል፤ ማውጫ የሌለው መጽሐፍ። ማውጫ አበጀሁለት። አሁን ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ይከፈታል። እትዬ አልተደነቁም።

«መስኮትህስ ፈጠነ። ሰዉ ግን ምን ነካው? ኮሪደሩ ጭር አለ።»

«ዝናብ ነው እትዬ።»

«ዝናብ በየዓመቱ አለ።»

ዓርብ 28

አንዲት ሴትዮ ስማቸው ቢፈለግ ጠፋ። የተመዘገቡት በንጉሡ ሠ፣ የተፈለጉት በእሳቱ ሰ። ለሰው አንድ ነው፤ ለዳታቤዙ ግን ሁለት ሰው። ፍለጋው ሁለቱንም እንደ አንድ እንዲያይ አደረግሁ። ሴትዮዋ «አለሁ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አሉ።

ካርድ ክፍል በኩል ሳልፍ ስክሪኑ ላይ «ዛሬ የሚጠራ የለም» ይላል፣ በአረንጓዴ። ይህችን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀለሙንም የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ሲያያት ደስ እንዲለው ብዬ።

እትዬ ከመሳቢያቸው ያረጀ መዝገብ አውጥተው በስልክ ያወራሉ። ሲያዩኝ ሸፈን አደረጉት።

ማክሰኞ 2

ወሩ ተቀየረ። ፅዳት ሠራተኛዋ ለጥበቃው ስትነግረው ሰማሁ፦ «ሰዉ ሁሉ ዳነ መሰለኝ።» ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

የእማዬ ስልክ ዝም እንዳለ ነው። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አየዋለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ።

ዓርብ 5

ዶክተሩ ጠራን፣ እኔንና እትዬን። የወሩን ቁጥር ይዟል። መምጣት ከነበረባቸው ሩብ ያህሉ እንኳ አልመጡም።

«እትዬ፣ ለምን አይደውሉም?»

«የሚጠራ የለም እያለኝ ለማን ልደውል?»

«አራት ሺህ ሰው እያለን የሚጠራ የለም ይላል? ይረሱታል እንጂ። ዕድሜም አለ።»

«ዕድሜውን ይተዉት ዶክተር! የማስታውሳቸውን ከድሮ መዝገቤ እየፈለግሁ ነው የምደውለው። አዳዲሶቹን ግን አላውቃቸውም፤ እነሱ ያሉት እዚያ መስኮት ውስጥ ነው።»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «ኮምፒዩተሩ ሊሆን ይችላል?»

ለሙከራ በያዝኩት የዳታቤዙ ቅጂ ላይ ሞከርኩት፣ እዚያው ፊታቸው፣ በላፕቶፔ። ስሞቹ ተግተልትለው ወጡ። «እኔ ጋ ይሠራል» አልኩ።

ቅጂው የተወሰደው ከዝናቡ በፊት ነው። ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። ወይም ትዝ ብሎኛል፤ እንጃ።

እትዬ ሲወጡ በሩን ቀስ አድርገው ነው የዘጉት።

እሑድ 7

እህቴ መጣች። የእማዬን ልብሶች ለይታ ለመስጠት። ሁለት ሻንጣ ሞላች። እኔ «ሥራ አለኝ» ብዬ ላፕቶፑን ከፍቼ ባዶ ገጽ ሳይ ዋልኩ።

«አንተ እኮ እንዳልሞተች ነው የምትኖረው» አለችኝ።

«ፋይሏን ዘግቼዋለሁ» አልኳት።

«ምን ፋይል?»

ሰኞ 15

እርጥብ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ቁልፉን ይዤ ጋሼ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ፤ ኮቱ እጅጌው እየተንጠለጠለ አስጠላኝ። ጋሼ ደስ ብሏቸው ተነሱ። ከማሽናቸው በስተግራ የብረት ጠረጴዛ አለ፤ ሱቁን ከከፈቱ ጀምሮ ያለ ነው። ዳሌያቸው ከጠርዙ ጋር ተላተመ። መቀሱ ወደቀ።

«ይቺን ደግሞ ማን አስጠጋት!» ብለው ሳቁ።

ማንም አላስጠጋትም።

«ጋሼ፣ ቀጠሮዎ መቼ ነበር?»

«አልጠራችሁኝም እኮ። እኔማ ድኛለሁ መሰለኝ ብዬ። ድሮ ሁለቴ የምትጠሩኝ ሰዎች...»

«ጠብታውስ?»

«አለቀ፤ ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። ምነው፣ ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መሰለ።»

እጃቸውን ይዤ በዝናቡ ወደ ክሊኒኩ ወሰድኳቸው። በግራቸው በኩል ሆኜ ስሄድ በጨዋታቸው መካከል ሦስት ጊዜ «አለህ?» አሉኝ። ትከሻቸው ትከሻዬን እየነካ።

ዶክተሩ ግፊቱን ለካ። የግራ ዓይናቸው ከዳር ያለው እይታ ሄዷል። የቀረውን እናድነዋለን፣ ረቡዕ ይመለሱ አለ፤ የሄደው ግን ሄዷል። ጋሼ «ክር የማስገባው በቀኝ ዓይኔ ነው» አሉ። እኔን ሊያጽናኑኝ ነው! እኔን!

ከሰዓት እትዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው፣ «ታካሚዎችን ባለመጥራት»። አጣጥፈው ያንን የድሮ መዝገብ ውስጥ አስገቡት። እኔ በመስታወቱ በኩል ሳይ ነበር። እኔ ጋ ይሠራል ያልኩ ሰው።

ማክሰኞ 16

ጎህ ሳይቀድ ክሊኒኩ ደረስኩ። ጥበቃው «ደግሞ ምን ጠፋ?» አለኝ። ሰው፣ አልኩት።

ይህን በትክክል ልጻፈው፤ ደብተሩ የተገዛውም ለዚህ ነበር።

በዚህኛው፣ በእውነተኛው ዳታቤዝ ላይ ጥያቄውን ቆራርጬ ጠየቅሁ። ቀጠሯቸው የደረሰ፦ መቶ አርባ ሁለት ሰው። የተዘጉ ፋይሎች፦ ሠላሳ አንድ ረድፍ። ከተዘጉት ውስጥ የሌሉትን አምጣ ስለው፦ ማንም። ከመቶ አርባ ሁለት ላይ ሠላሳ አንድ ቢቀነስ ማንም አይሆንም፤ ሕፃን ያውቃል። የተዘጉትን አንድ በአንድ ወረድኩ። ሠላሳዎቹ የካርድ ቁጥር አላቸው። አንዱ የለውም፤ ቁጥሩ ቦታ ላይ ባዶ ነው።

ባዶ ለዳታቤዝ ዜሮ አይደለም፤ የለም ማለትም አይደለም። «አላውቅም» ማለት ነው። ጋሼ ከተዘጉት ውስጥ አሉ ወይ ብለህ ስትጠይቀው ከሠላሳው ጋር ያስተያያቸዋል፤ የሉም። ባዶው ጋ ሲደርስ ግን ይቆማል። ይኼ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ የሉም ብዬ አልምልም። ስላልማለም አያመጣቸውም። ስለ ቀጣዩም እንዲሁ፣ ስለ መቶ አርባ ሁለቱም እንዲሁ። አንድ ቁጥር የሌለው ሟች ሁሉንም ሰው ሆኖ ይቀመጣል። ስህተት አለ ብሎ እንኳ አይጮህም። ዛሬ የሚጠራ የለም ይላል፣ በአረንጓዴ።

የረድፉ ምክንያት፦ «አርፋለች»። ቀን፦ ያለፈው ወር 6። የዘጋው፦ እኔ።

ተጣድፌ ነበር ብዬ ጽፌያለሁ። ስብሰባ ነበረን ብዬአለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ስብሰባ የለንም።

መጀመሪያ ጥያቄውን አስተካከልኩት፤ ባዶዎቹን አትቁጠር የሚል አንድ መስመር። አሠራሁት። ዝርዝሩ ወጣ፤ ስም በስም ላይ፣ ስድስት ሳምንት ሊሞላ ምንም ያልወጣበት ገጽ እንደ ገበያ ሞላ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ ካርድ ቁጥር 1፣ የእማዬ ስም። ቀጠሮዋ ደርሷል። ይጠሩ።

ምን ያህል ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ዝናቡ ቆሟል፤ ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል። ኮሪደሩ ላይ ወንበሮቹ ተደርድረዋል። የመጀመሪያውን አየሁት እንጂ፣ እውነቴን ነው፣ አንገቴን አውጥቼ አየሁት። በሦስት ሰዓት መልእክቱ ይሄዳል። የእማዬ ስልክ ኪሴ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢጮኽ ማንን ይጎዳል ብዬ አሰብኩ። ይህንንም ልጻፈው፤ አሰብኩ።

እትዬ እንዲያ አገኙኝ። ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አራግፈው ገቡና ስክሪኑን አዩ፤ ስሟንም አነበቡ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ባዶውን፣ ስብሰባውን፣ ቅጂውን። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ በደስታ ነበር የምሰደበው።

መሳቢያቸውን ከፍተው ያንን የድሮ መዝገብ አወጡ። ያረፈ ሰው በቀይ እስክሪቢቶ ነው የሚሰረዘው፤ ገጾቹ በቀይ መስመር የተሞሉ ናቸው። የመጨረሻው ገጽ ላይ የእማዬ ስም አለ። ቀይ የለበትም።

«እኔም አልቻልኩም» አሉ። «በየወሩ መጥታ እዚህ መስኮት ላይ ስንስቅ የነበረ ሰው። ግን የእኔ ወረቀት ማንንም አያስቀርም።» ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና፦ «አንተ ጻፍ፤ እኔ ልበልልህ።»

የተዘጋውን ረድፍ ከፈትኩ። ቁጥሩ ቦታ ላይ ቆምኩ።

«አንድ» አሉ እትዬ።

አንዲት ቁጥር ናት። ከአንድ ጣት በላይ አትፈልግም። ጻፍኳት። አስቀምጥ አልኩት። ዝርዝሩን እንደገና ጠየቅሁ፤ መቶ አሥራ አንድ ሰው፣ እማዬ የለችበትም። እትዬ ቀዩን እስክሪቢቶ አንስተው እሳቸውም የራሳቸውን አሰመሩ፣ በማስመሪያ፣ ቀጥ አድርገው። ከዚያ አለቀስኩ። ለእማዬ ሳለቅስ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው፤ ካርድ ክፍል ውስጥ፣ በሥራ ልብስ።

ቅጹንም ቀየርኩት። ከእንግዲህ ቁጥር ያልተጻፈበትን አይቀበልም።

ለዶክተሩ ራሴ ሄጄ ነገርኩት። «የእትዬ ደብዳቤ ይቀደዳል» አለ። «ያንተ ግን ይጻፋል።» ይጻፍ፣ አልኩት። ስለ ጋሼ ዓይን የሚበቃ ደብዳቤ የለም።

እትዬ እስከ ምሽት ሲደውሉ ዋሉ። ድምፃቸው ጠፍቶ ነው የወጡት።

ረቡዕ 17

ጠዋት ጋሼ ሱቅ ሄድኩ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ ነገርኳቸው፤ ከእማዬ ጀምሬ፣ ባዶውን ጨምሬ። እየሰሙ ቁልፌን ይተክላሉ፤ ራሳቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው፣ በቀኛቸው። ሲጨርሱ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

«እናትህ ናት ያስቀየመችኝ በላ» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«አውቃለሁ አንተ እንደሆንክ። ተናድጃለሁም። ነገም እናደዳለሁ።» ኮቱን ሰጡኝ። «ግን ባትመጣ ኖሮ በሌላውም እላተም ነበር።»

ሦስት ሰዓት ሆነ። ማሽኑ ላይ ያለው ስልካቸው ጮኸ፤ ቀጠሮዎ ደርሷል፣ እባክዎ አይቅሩ። ሁለተኛው ስልካቸው ዝም አለ። አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን አዩ።

«አንዴ ብቻ? ለነገሩ ልክ ናችሁ፤ የቀረኝ ዓይን ተኩል ነው።»

መሳቅ አቃተኝ። እሳቸው ሳቁ፤ ከዚያ እሳቸውም አቆሙ።

ከጎረቤት ሱቅም አንድ ስልክ ሲጮኽ ሰማሁ፤ ከመንገዱ ማዶም ሌላ። የሚጠሩት ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም፤ እንደሆኑ ግን አሰብኩ። የእማዬ ስልክ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ዝም አለ። ስድስት ሳምንት ሊሞላ ዝም ያለው ለሁሉም ነበር። ዛሬ ዝም ያለው ለእሷ ብቻ ነው።

ማታ ለእህቴ ደወልኩላት፤ ሻንጣዎቹን ነገ አብረን እንወስዳቸዋለን ተባባልን። የእማዬ ስልክ ባትሪው አምስት ከመቶ ነው ይላል። አልሰካሁትም።